ማዳበሪያ የማይነካት መደብ፦ ለጋራ የሙከራ ማሳችን የድጋፍ ጥሪ

ወዳጆች፣

የጋራ የሙከራ ማሳችን ሥራ ሊጀምር ነው። መሬቱን አንድ ገበሬ ሰጥቶናል። ጉልበትም አላጣንም። የጎደለን ገንዘብና ጥቂት ዕቃ ነው።

ገንዘቡ የት እንደሚገባ በግልጽ እንንገራችሁ። ትልቁ ወጪያችን አንዲት መደብ፣ ማለትም አንዲት የማሳው ቁራጭ ናት። ስንዴ ይዘራባታል፣ ትታረማለች፤ ማዳበሪያ ግን አይነካትም፣ ፍግም ቢሆን። ጎረቤቶቿ አንዱ ፍግ፣ አንዱ ናይትሮጅን፣ አንዱ ፎስፈረስ፣ ሌላው ናይትሮጅንና ፎስፈረስን አንድ ላይ ያገኛሉ። እሷ ከሌለች የእነሱ ምርት ከምን እንደመጣ በምን እናውቃለን? ከማዳበሪያው ነው ወይስ ዝናቡ ስላማረ? ባለመሬቱ ግን ከዚያች መደብ በየዓመቱ ያነሰ ያፍሳል። ጉድለቱን ለብቻው እንዲሸከም አንፈልግም። መጀመሪያ የምንክሰው እሱን ነው።

ይህን መንገድ እኛ አልጀመርነውም። እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ ላይ ጆን ቤኔት ላውስ የተባለ ባለርስትና ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1843 ብሮድባልክ በሚባል ማሳ ስንዴ ዘሩ። አንዱን መደብ ያለ ማዳበሪያ ተዉት። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። በዘመኑ ዝነኛው ጀርመናዊ ኬሚስት ሊቢግ፣ ተክል ናይትሮጅንን ከአየርና ከዝናብ በበቂ ያገኛል፣ ገበሬው እንደ ፎስፈረስና ፖታሲየም ያለውን ማዕድን ብቻ ወደ አፈሩ ይመልስ ይል ነበር። ሚዛኑ ሌላ ተናገረ። ማዕድን ብቻ ያገኘው ስንዴ ብዙም አልጨመረም፤ ናይትሮጅን ሲታከልለት ግን ተመነደገ።

መጀመሪያ ላቦራቶሪያቸው አሮጌ ጎተራ ነበር። በኋላ ገበሬዎች ላውስን ለማመስገን ገንዘብ አዋጡ። እሱ ደግሞ ላቦራቶሪ ይሠራበት አለ። እ.ኤ.አ. በ1855 ተከፈተ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ያዋጡት ሰዎች የሚያመርቱት እራሳቸው ነበሩ።

ሌላም ነገር አደረጉ። ከየመደቡ እህልና ገለባ፣ አፈርም ጭምር፣ እያሸጉ አስቀመጡ። ዛሬ ከ300,000 በላይ ናሙና አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በዚያ ውስጥ የኒውክሌር ሙከራ ብናኝ ሳይቀር ለክተዋል። ያሸጉት ሰዎች ይህን ሊያስቡት አይችሉም ነበር።

ስለዚህ ሚዛን እንፈልጋለን። የዝናብ መለኪያ፣ ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ ጠርሙሶች፣ እርጥበት የማይገባው አንድ ክፍል፣ የአፈር ምርመራ ክፍያም። ገንዘብ የምትሰጡ እንደ አቅማችሁ ስጡ። አንዴ ብዙ ከመስጠት በየዓመቱ ጥቂት ብትሰጡን ይበልጥ ይጠቅመናል፤ የአንድ ዓመት ውጤት ብቻውን ያሳስታልና። ገንዘብ የሌላችሁ በአጨዳ ቀን ኑና አብራችሁን መዝኑ፣ መዝግቡ። ሒሳቡን በየምርቱ ማግስት ለሁላችሁም እናቀርባለን።

አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጠንም። የመጀመሪያው የአፈር ናሙና መሬቱ ማዳበሪያ ሳይነካው መወሰድ አለበት። አንዴ ካለፈን ያ አፈር ተመልሶ አይገኝም። ጠርሙሶቹንና የምርመራውን ክፍያ ከዘር በፊት አድርሱልን።