«ያኔ መታወቂያ ቁጥር አልነበረህም» — ለሬጅስትራርና አሉምናይ ዳይሬክተሩ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዳይሬክተር፣

ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ ግቢያችሁ ውስጥ ኮርስ ወስደው ያለፉ ልጆች ውጤታቸው ይያዝላቸው ስንል ሦስት ጊዜ አመልክተናል። የመጀመሪያው ማመልከቻ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባለ፤ ለሁለተኛው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፤ ሦስተኛው ጠፋ። አራተኛውን አደባባይ አውጥተነዋል። የዩኒቨርሲቲውን ስም አንጠራም፤ ጎጃም ውስጥ ነው፣ ቢሮዎን እርስዎ አያጡትም።

ግቢያችሁ ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ጎበዝ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን መልምሎ ቅዳሜ ቅዳሜ የአንደኛ ዓመቱን የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ አስተማረ። ሞጁሉ ፍሬሽማን የሚማርበት ያው ሞጁል ነው፦ ሎጂክና ስብስብ፣ ሪያልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፈንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ። መምህሩ የዲፓርትመንቱ ሌክቸረር፣ ፋይናሉም ከመደበኞቹ ጋር በአንድ ሰዓት የተሰጠ ያው ወረቀት። በሶውን በላስቲክ ቋጥሮ ሲመላለስ ከከረሙት ልጆች አንዱ «ኤ» አመጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተናውንም አለፈ፤ ዕድል ሆኖ የተመደበው እዚያው ግቢ ነው። ምዝገባ ላይ ያንኑ ኮርስ እንደገና ውሰድ ተባለ። ምክንያቱ፦ «ያኔ መታወቂያ ቁጥር አልነበረህም።»

መመሪያውን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከሌላ እውቅና ካለው ተቋም የመጣ ተማሪ ኮርሱ በይዘትና በክሬዲት ከተመሳሰለ፣ ውጤቱም «ሲ»ና ከዚያ በላይ ከሆነ አይደግምም፤ የራሳችሁ ሴኔት ያጸደቀው ነው። እንግዲህ ከዓባይ ማዶ የመጣ «ሲ» ይታመናል፣ እናንተው አስተምራችሁ እናንተው ያረማችሁት «ኤ» አይታመንም።

ችግሩ የት እንደተቋጠረ እናውቃለን። ውጤት ሲስተም ላይ የሚገባው በመታወቂያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው ምደባ ሲመጣ፣ ምደባው የሚመጣው የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲታወቅ ነው። ስለዚህ የቅዳሜዎቹ ልጆች ማርክ መምህሩ ኮምፒውተር ላይ ኤክሴል ውስጥ ቀረ፤ ልጆቹ የተሰጣቸው «ተሳትፏል» የሚል ባለ አበባ ሰርተፍኬት ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ የኮርስ ኮድ የለም፣ የክሬዲት ሰዓት የለም፣ ግሬድ የለም። ያንን ይዞ የኤግዘምፕሽን (ኮርሱን ከመድገም ነፃ የመሆኛ) ፎርም የሞላ ልጅ ዲፓርትመንት ኃላፊው ጋ ሲደርስ «ግሬድ ሪፖርትህስ?» ይባላል፤ ሬጅስትራር ሄዶ ሲጠይቅ «ሲስተሙ አያውቅህም» ይባላል። በዚህ ምልልስ መሐል አድና ድሮፕ፣ ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻው ጊዜ፣ ያልፋል።

መታወቂያ ቁጥር የሌለው ሰው ግቢ ውስጥ አይታወቅም እንዳይሉን ብቻ። አገር አቀፉ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በአድሚሽን ካርድ ዶርማችሁ ያድራል፣ ካፌያችሁ ይበላል። ለአልጋና ለሽሮ የበቃ ካርድ ለሦስት ክሬዲት ሰዓት ያንሳል?

መፍትሔው ደግሞ ሰነዳችሁ ውስጥ ተኝቷል፦ ዲግሪ የማይከታተል ልዩ ተማሪ የሚባል የምዝገባ ዓይነት አላችሁ። ለባንክ ሠራተኛና ለመንግሥት ሠራተኛ ትሠሩበታላችሁ። የቅዳሜዎቹን ልጆች ከመጀመሪያው ቀን በዚያ መዝግቡ፣ ጊዜያዊ ቁጥር ስጡ፣ ግሬዱን በሴሚስተሩ መጨረሻ ሲስተም ላይ አስገቡ፤ ልጁ ሲመደብ አሮጌው ቁጥር ከአዲሱ ጋር ይያያዛል። ሌላ ግቢ ከተመደበ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ከተቋም ወደ ተቋም ይላካል እንጂ ልጁ በእጁ አይዞርም። አሜሪካኖቹ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚሰጡት፣ ኤፒ በሚሉት የኮሌጅ ደረጃ ፈተና የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፦ ከ1 እስከ 5 የሚሰጠውን ውጤት አስፈታኙ ድርጅት በቀጥታ ለኮሌጁ ይልካል፣ በ3 ይቀበል ወይስ በ4 ወይስ በ5 የሚወስነው ኮሌጁ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይለይ። «ኤግዘምትድ» ብሎ ማለፍና ግሬዱን ማዛወር አንድ አይደሉም። ኤግዘምትድ የተባለ ኮርስ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ውስጥ አይገባም፤ በፍሬሽማን ጂፒኤ ዲፓርትመንት ለሚመረጥለት ልጅ ደግሞ የባለ ሦስት ክሬዲት «ኤ» መጥፋት ቀላል ኪሳራ አይደለም። እኛ የምንጠይቀው ግሬዱ እንዲዛወር ነው። ይህ ሲሆን «ዲ» ያመጣውም «ዲ»ው ይከተለዋል፤ ልጆቹም ወላጆቻቸውም ሲመዘገቡ ይህን አውቀው ይፈርሙ።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ወንፊት ያለፈን ልጅ የሚያውቀውን ለማስደገም ክፍልና መምህር ተርፏችሁ ከሆነ ይንገሩን። የቅኔ ቤት አገር ነው ያላችሁት፤ ዋሸራ ቅኔ ቤት ከፍ ያለውን ቅኔ፣ መወድስን፣ የደረሰን ተማሪ ወደ ጀማሪው ቅኔ፣ ወደ ጉባኤ ቃና፣ ተመለስ የሚል መምህር የለም፣ ያውም መታወቂያ ቁጥር ሳይኖር።

ሦስተኛው ማመልከቻ ከመጥፋቱ በፊት ከነአባሪዎቹ ፎቶ ተነሥቷል፦ የኮርስ አውትላይን፣ መምህሩ የፈረመበት የማርክ ዝርዝር፣ የፋይናሉ የመልስ ወረቀት። ቅጂው ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ሆኖ ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አድና ድሮፕ ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል።