የጸጉር ሳሙናው ቅዳሜ ነው
ሰላም እህቶች፣ የጸጉር ሳሙናውን የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደሴ ቧንቧ ውሃ እኔ ቤት ግቢ ውስጥ ነው የምንሰራው። ለአንድ ዙር 400 ግራም የኮኮናት፣ 400 የሱፍ፣ 200 የጉሎ ዘይት፣ ኮስቲክ ሶዳው 145 ግራም ውሃው 300፣ ዲጂታል ሚዛን ያላችሁ አምጡልኝ በሲኒ አንለካም፣ እኔ ባለፈው በግምት ሰርቼ የራስ ቆዳዬን አቃጥሎኝ ሳምንት ሙሉ ሳክ ነው የከረምኩት። ጓንት፣ መነጽርና የስቲል ድስት ያዙ፣ አልሙኒየም እንዳታመጡ ሶዳው ይበላዋል። ሶዳው ነው ውሃው ላይ ቀስ እየተባለ የሚጨመረው፣ ውሃውን ሶዳው ላይ ካደረጋችሁት ይፈነጥራል፣ በአላህ ልጆች ይዛችሁ አትምጡ። ሰኞ ባቲ ገበያ የምትወርድ ካለች የቁርቁራ ቅጠል ትያዝልን፣ አድርቀን ፈጭተን ትንሽ እንጨምርበታለን እናቶቻችንም በሱ ነበር የሚታጠቡት። ሳሙናው ከተቆረጠ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይደርቃል፣ ያኔ እንካፈላለን። ፎረፎር ያጠፋል ብዬ ቃል አልገባም እሺ። የምትመጡ እስከ ረቡዕ ማታ "አለሁ" በሉኝ፣ ስንት ዙር እንደምንሰራ አውቄ ነው ዘይቱን የምገዛው።