ለቀጮ፣ በእጅ የሚሰጥ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር 2018

ቀጮዬ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። እሱን ቶሎ ልገላገለው፤ አለበለዚያ ሌላውን መጻፍ አልችልም። ስልክሽን አላነሳሁም። መልእክትሽን እያነበብኩ ዝም አልኩሽ። ለእንቁጣጣሽ የላክሽልኝን የአደይ አበባ ፎቶ እንኳ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ዓመት ከአምስት ወር ሆነ፤ ቆጥሬዋለሁ። ምክንያት አለኝ፤ ድፍረት ካገኘሁ ወደ ታች እጽፈዋለሁ። ስድቡን አስቀምጪልኝና ስንገናኝ በአካል ትሰድቢኛለሽ። በስልክ ስትሳደቢ ኔትወርኩ ይቆራርጥሽና ግማሹ ይባክናል።

ቴሌግራም ላይ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት። "እየጻፈች ነው" የሚለውን አይተሽ ጠብቀሽ ከነበር እሱም ይቅርታ። የሚያመጣልሽ ከጎናችን ያለው ልጅ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት እየሄደ ነው። እንዳያነበው በፕላስተር አሽጌዋለሁ። ከፍተኸው ከሆነ፣ አንተ ልጅ፣ ለእናትህ እናገራለሁ።

እሺ፣ ወሬው ይኸውልሽ። ነርሲንግ ገባሁ።

ሳቂ። ስትጨርሺ እቀጥላለሁ።

በ2008 ፈተናው ሾልኮ ወጣ ተብሎ የተሰረዘ ጊዜ ትዝ ይልሻል? እስኪደገም ድረስ እናንተ በረንዳ ላይ ቆሎ ስንቆረጥም ከረምን። ያኔ ነው ነርሲንግ አንደኛ ምርጫዬ ነው ያልሽኝ። "ዕድሜ ልክሽን የሰው ሽንት ስትደፊ ልትኖሪ?" አልኩሽ። አፌን በቆረጠው። አንቺ ደግሞ "ልዕልት ፀሐይም ነርስ ነበረች፣ ለንደን ድረስ ሄዳ ነው የተማረችው፣ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል መጀመሪያ በሷ ስም ነበር" አልሽ። እኔ ሞኟ "ታዲያ በ22 ዓመቷ ሞታ የለ፣ ምን ጠቀማት" ብዬ ዘጋሁሽ። ሁለት ቀን አኮረፍሽኝ። ይኸው እግዜር ሰምቶ፣ ሽንት በመድፋት በቂ ልምድ አካብቼ ገባሁልሽ።

ያስጠናኝ ይኸው ደብዳቤውን የያዘው ልጅ ነው። ከመቶ 8.4 ብቻ ባለፉበት ዓመት ካለፉት አንዱ ስለሆነ አሁን አይቻልም፤ ሲራመድ አይተሽው! ግን ጎበዝ ነው። ማታ ማታ ለሱቆች የማቀርበውን እንጀራ ስጋግር ማድ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠይቀኛል። ለአንድ እንጀራ አንድ ጥያቄ። ዓይን ሲያወጣ ጥያቄውን ያነብልኛል፣ ከድኜ አስባለሁ፣ ሳወጣው መልሴን እናገራለሁ። ከተሳሳትኩ ያቺ እንጀራ የሱ ናት። ኬሚስትሪ ላይ ከሰርኩ፣ ቀጮ። ሞል የሚባለውን ነገር ለመረዳት ብቻ 15 እንጀራ ሳይወጣብኝ አይቀርም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወደ ሂሳብ እንዞራለን፤ በስልክ መብራት። የሚገርመው እየገሠጸኝ እንኳ "እትዬ" ይለኛል። "እትዬ፣ ይሄ እኮ የዘጠነኛ ክፍል ነው።"

የመግቢያ ፈተና ቀን በር ላይ ያለው ሰውዬ "ወላጅ ውጭ ነው የሚጠብቀው" አለኝ። በ28 ዓመቴ! ፊቴ ላይ ምን እንዳየ እንጃ። ገብቼ ሳይ ግን አልፈረድኩበትም፤ ዙሪያዬን ያሉት ልጆች ሁሉ እኔና አንቺ ፊደል ስንቆጥር ያልተወለዱ ናቸው። ጽሑፉ እንደምንም አለፈ። ቃለ መጠይቁን ግን ልንገርሽ።

ሦስት ሰዎች ናቸው። ከኔ በፊት የገቡት ልጆች ሁሉ "ሰው መርዳት ስለምወድ" ብለው ወጥተዋል፤ ኮሪደሩ ላይ ሲለማመዱት ሰምቻለሁ። እኔም እሱን ልል ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ስለ እማዬ ተረከዝ ነው።

ስትሮክ እንደመታት ሰምተሻል፤ እናትሽ ሳትነግርሽ አትቀርም። ቀኝ ጎኗ ሄደ። ንግግሯም ሄደ፤ አንድ ቃል ብቻ ቀረላት። "ቡና" ነው የምትለው። ውሃ ሲጠማት ቡና፣ ስትናደድ ቡና፣ እኔን ስትጠራ ቡና። ከሆስፒታል ስንወጣ አንዲት ነርስ ያዘችኝና አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ አስተማረችኝ። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጫት። ሙሉ በሙሉ በጎኗ አታስተኛት፣ ከጀርባዋ ትራስ አድርጊና በትንሹ አዘንብያት። በጉልበቶቿ መሃል ትራስ። ባቷን ትራስ ላይ አድርጊውና ተረከዟ አየር ላይ ይንሳፈፍ። ከዚያ ያለችኝን ግን መቼም አልረሳውም። "መጽሐፉ ቆዳው ሲቀላ ነው የሚጀምረው ይላል። እንደኛ ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱን ስትጠብቂ ቁስሉ ይቀድምሻል። በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ከዙሪያው ይልቅ ከሞቀ ወይም ከጠነከረ ጀምሯል ማለት ነው። እንዳታሺው፤ ብቻ ጫናውን አንሺለት።"

መጀመሪያ አልሰማኋትም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝና ወገቧ ታች፣ አጥንቱ ላይ ቆሰለ። ለመዳን አራት ወር ፈጀ። የተረከዟን ግን ቀደምኩት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በእጄ ጀርባ ስነካው ሞቀብኝ። እንደ እንጀራ ጠርዝ ደግሞ ጠንከር ብሏል። ትራሱን አስተካከልኩት፣ በማግስቱ ቀዘቀዘ።

ይህን ነገርኳቸው። "እንደ እንጀራ ጠርዝ" ስል ሁለቱ ሳቁ። ሦስተኛዋ፣ ጠና ያለች ሴት፣ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "በየት በኩል ነው ያልሽው?" አለችኝና የራሷን እጅ ገልብጣ አየችው። በሳምንቱ ስሜ ተለጠፈ።

የመጀመሪያውን ክፍያ እቁብ ወጥቶልኝ ከፈልኩ። የቀረውን እንጀራው ያውቃል። አራት ዓመት ነው እንግዲህ። የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ነው አሉኝ። የአዋሽን ወንዝ ሳላውቅ መርፌ መውጋት አይቻልም መሰለኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንቺ ኮሮና መሃል ተመርቀሽ ያመለጥሽው የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ወዲህ ከመቶ 50 ካላመጣሽ ዲግሪ የለም። ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና። ይህ ሁሉ ግን ገና ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ሰኞ ነው።

ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። ከጠዋቱ ሁለት ተኩል እስከ አሥር ተኩል። ከዚህ እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያ እስከ ሳሪስ፣ የታክሲውን ሰልፍ ታውቂዋለሽ፤ ከ12 ሰዓት በፊት ካልወጣሁ አልደርስም። እማዬን ማን ያገላብጣት? ፍሪጁ ላይ ሰንጠረዥ ለጥፌያለሁ። ሁለት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት፤ ታች ያሉት እትዬ። አራትና ስምንት ሰዓት፤ ወንድሜ፣ ባጃጁን አቁሞ። አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ፣ በቀን ሁለቴ። እሱ እሺ አለ። እምቢ ያለችው እማዬ ናት።

ወንድ ልጇ እንዲያገላብጣት አትፈልግም። አልፈርድባትም። እትዬን ትታገሣለች፣ እሱ ሲመጣ ግን በደህና እጇ የአልጋውን ብረት ጨምድዳ ትይዛለች። ቃል ባይኖራትም ነውር ገና አልጠፋባትም።

ባለፈው ሳምንት ልሞክረው ብዬ አንድ ሙሉ ቀን ትምህርት ቤት የሄድኩ መስዬ ወጣሁ። የሄድኩት ግን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ነው። ቁጭ አልኩ፣ የባዮሎጂ መጽሐፌን ይዤ፣ ጆሮዬን ወደ ላይ ቀስሬ። የሚወጣ የሚወርደው ሁሉ "ምነው ልጄ፣ ቁልፍ ጠፋሽ?" ይለኛል። አራት ሰዓት ላይ ወንድሜ እየሮጠ አልፎኝ ወጣ። በሩ ተከፈተ። ወዲያው "ቡና! ቡና! ቡና!" ስትል ሰማሁ። ነጠላዬን ነከስኩ፣ ቀጮ። ልነሳ ስል ጸጥ አለ። ቀጥሎ ሳቅ። የእማዬ ሳቅ! ከታመመች ወዲህ ስንቴ ሰማሁት መሰለሽ?

ወጥቼ በበሩ ክፍተት ሳይ፣ ያ ጅል ወንድሜ የሷን ሻሽ ዓይኑ ላይ አስሮ እየዳበሰ "እማዬ፣ አላየሁም፣ እምልልሻለሁ፣ ትራሱን ነው የያዝኩት ወይስ አንቺን?" ይላታል። ብረቱን ለቃለት ነበር።

ማታ ተቆጣሁት። ዓይኑን ሸፍኖ እንዴት ቁስል ሊያይ ነው? "አንቺ ራስሽ በእጅ ጀርባ ነው አላልሽም?" አለኝ። ምን ልበለው።

አንድ ቀን ግን አንድ ቀን ነው። ባጃጁ ሥራ ሲበዛበትስ? እትዬ ልቅሶ ሲሄዱስ? እኔ ስለ ሰው እናት ልማር ብዬ የራሴን እናት ላቆስል ነው? ንገሪኝ እስቲ። አንቺ ዋርድ ውስጥ አንድ ለስንት ታማሚ ሆነሽ ታገላብጪያለሽ? ያመለጠሽ ቀን ምን ታደርጊያለሽ?

አሁን ተነስቼ አገላብጫት መጣሁ። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ስለዚህ ሁለት ሰዓት አለኝ፤ ከእንግዲህ መሸሽ አልችልም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቷን ያቋረጥነው እኛ ነን። እኛ ምን ይላል፤ እኔ ነኝ። ለገና መጥተሽ ለክተሻት "አምሎዲፒኗ አንድ ቀን እንዳይቋረጥ" ያልሽኝ ለኔ ነው። "ግፊት ስለማያም ነው ሰው የሚዘናጋው" ያልሽኝ ለኔ ነው። ሲያልቅ "ደህና ነኝ እኮ፣ ገንዘብ አታባክኚ" አለች። እኔም የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበርና ደስ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ቀጮ። የሚቀጥለው ወር እገዛለሁ አልኩ። ሦስት ወር። በሰኔ ወደቀች።

በማግስቱ ስትደውዪ ስልኩ እጄ ላይ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄሽ "መድኃኒቷን እየወሰደች ነበር?" እንደሚሆን አወቅኩ። ከዚያ በኋላ ያልመለስኩት ስልክ ሁሉ ያቺኑ ጥያቄ ሽሽት ነው። ለወንድሜም አልነገርኩትም። እማዬ ታውቃለች፤ ግን "ቡና" ነው የምትለው።

እና አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ግፊት ያስተምሩናል። ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፣ መድኃኒት ሲቋረጥ ምን ይሆናል የሚለው። ያን ቀን ወዴት እንደማይ አላውቅም። "ጥፋትሽ አይደለም" እንዳትዪኝ፤ ያቺን ለታማሚ ቤተሰብ የምታወጪያትን ለስላሳ ድምፅሽን አውቃታለሁ። ወይ እውነቱን ጻፊልኝ፣ ወይ ስለ ሌላ ነገር ጻፊልኝ።

ወረቀቱ አለቀ፣ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። አሮጌው ነጭ የዋርድ ጫማሽ ካለ ለዚህ ልጅ ስጪው፤ ለገና ሲመጣ ያመጣልኛል። የሚያስፈልገኝ ሁለተኛ ዓመት ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። እስከዚያ አልጋ ሥር ይቀመጥ። እግርሽ 39 ነው፣ የኔ 37፤ ካልሲ እደርባለሁ። ለልጁ ምሳ አብይው፣ እንጀራ ብቻ እንዳትሰጪው፣ ከኔ በቂ በልቷል።

ያንቺው
ዱባ