አባባ፣ ሰኞ ስለሚደግሙት መዝሙር

ይድረስ ለውድ አባቴ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ መውደቅዎን እህቴ ደውላ ነገረችኝ። እርስዎ ግን በስልክ "ምንም አልሆንኩም" ነው ያሉኝ። የግፊቱን መድኃኒት ጾም ነው ብለው እንዳይዘሉት፣ አደራ። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ልጆቹ አድገዋል። ትንሿ አቡነ ዘበሰማያትን በቃሏ ትላለች። ትልቁ ቁመቱ አባቱን ሊደርስ ነው። ሲስቅ ማንን እንደሚመስል ቢያዩት ወዲያው ያውቁታል።

ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ዳዊቱን በቃልዎ እንደሚደግሙ ሰማሁ። እኔም ከሥራ ስመለስ የማመሸው ከዳዊት ጋር ነው፤ ከመዝሙሩ ሳይሆን ከታሪኩ፣ ከመጽሐፈ ሳሙኤል። ከዚያ ወንጌሉን ስከፍት ያው መንገድ ይመጣብኛል። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሲሸሽ የቄድሮንን ፈፋ ተሻገረ፤ በባዶ እግሩ እያለቀሰ ደብረ ዘይትን ወጣ። ጌታም በተያዘበት ሌሊት ቄድሮንን ተሻግሮ ወደዚያው ተራራ ሄደ። አማካሪው አኪጦፌል ዳዊትን ከድቶ ኋላ ታንቆ ሞተ። ይሁዳም እንዲሁ። ሳሚ የሚባል ሰው ንጉሡን እየተራገመ ድንጋይ ሲወረውርበት የዳዊት ጦረኛ አቢሳ የሳሚን ራስ ልቁረጥ አለ፤ ዳዊት ከለከለው። በአትክልቱ ስፍራም ጴጥሮስ ሰይፍ መዘዘ፤ ጌታ መልሰው አለው። ወንጌላውያኑ የዳዊትን መከራ በልባቸው ይዘው እንደጻፉ አምናለሁ። ዮሐንስማ እርስዎ ማክሰኞ የሚደግሙትን 40ኛውን መዝሙር ይጠቅሳል። እንጀራዬን የበላ ተረከዙን አነሣብኝ የሚለውን።

ያንን ሲሉ ማን እንደሚታሰብዎ አውቃለሁ። ወንድምጋሼ ከሄደ በኋላ ሰኞ 3ኛው መዝሙር ላይ ሲደርሱ ድምፅዎ ይለወጥ ነበር። ዳዊት ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ የዘመረው ነውና።

ግን አባባ፣ ንጉሡም ያጠፋው አለ። አቤሴሎም ከማመፁ በፊት ወንድሙን አስገድሎ ወደ ጌሹር አገር ሸሸ፤ እዚያም 3 ዓመት ተቀመጠ። የጦር አለቃው ኢዮአብ የቴቁሔዋን ብልህ ሴት ወደ ዳዊት ልኮ አስለመነለት። ዳዊት ይመለስ አለ፣ ፊቴን ግን እንዳያይ። ልጁ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ አባቱ ባለበት ከተማ፣ 2 ዓመት ሙሉ ፊቱን ሳያይ ኖረ። የኢዮአብን የገብስ እርሻ እስኪያቃጥል ድረስ ሰሚ አላገኘም። ነገሩ የከፋው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ወንድምጋሼ ለእህቴ ሠርግ ሲመጣ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ። እማዬ ያን ቀን ያለቀሰችው ከዓይኔ አይጠፋም። በቀብሯም ላይ አላናገሩትም። ለቅሶ ላይ እንኳ! ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል። የዚያን ፍልሰታ ነገር አላነሣም። በደሉን እሱም ያውቀዋል።

ጦርነቱ ሲያልቅ ዳዊት በሁለቱ በሮች መካከል ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ጉበኛው ሰው ሲሮጥ አየ። ንጉሡ ስለ ድሉ አልጠየቀም፤ ብላቴናው አቤሴሎም ደህና ነውን? አለ። ልጁ ግን ሞቶ ነበር። ሉቃስ ስለ ጠፋው ልጅ የጻፈውን ባነበብኩ ቁጥር ያ በር ትዝ ይለኛል። ሉቃስ ጋ የሚሮጠው አባትየው ራሱ ነው። ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጠ፣ አቅፎም ሳመው። ዳዊትም አቤሴሎምን ስሞት ነበር። ግን ከስንት ዓመት በኋላ፣ ያውም ልጁ በግንባሩ ምድር ላይ ከተደፋ ወዲያ። እርስዎ ወንድምጋሼን እስኪደፋ አይጠብቁት።

ለፋሲካ ልምጣ ወይ ብሎኛል። እምቢ ይሉኛል ብሎ ስለፈራ ነው በእኔ በኩል የጠየቀው። እኔም እንደ ቴቁሔዋ ሴት እለምንዎታለሁ። ሐኪሙ ለእህቴ የነገራትን ሰምቻለሁ፤ እርስዎም ሰምተዋል። አባባ፣ ሳትታረቁ እንዳትለያዩ እፈራለሁ።

የዓይኑን ሕክምና ገንዘብ በእህቴ በኩል ልኬያለሁ። ለሌላ ነገር እንዳያውሉት። ወንድምጋሼ ከሥራው ፈቃድ መጠየቅ ስላለበት መልስዎ ከሆሳዕና በፊት ይድረሰኝ። ይምጣ ብለው ለእህቴ ይንገሯት፤ እሷ ትደውልልኛለች።

ልጅዎ