እማዬን ለመለሳችሁልን ሁሉ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬ ቤቷ ገብታለች። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትቆጣለች። ቁጣዋ ናፍቆን ነበር።

የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሌሊት ስልክ ያነሳችሁልን፣ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆማችሁ ያነጋችሁ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ያንን ሰሞን እንደገና አልተርከውም። የመጣሁት ለማመስገን ነው፤ ከማን እንደምጀምርም አላመነታሁም።

ከእህታችን ነው። እማዬን ከምትንከባከብልን፣ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ከምታድረው እህታችን። ስሜ አይጻፍ ብላ ስለለመነችኝ አልጽፈውም። የሽሮ ሜዳ ሰፈራችን ሰው ግን ማን እንደሆነች ያውቃል።

እማዬን የመርሳት በሽታ ከያዛት ዓመታት አልፈዋል። በሽታው ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋባት፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ከዚያ የሳምንቱ ቀናት። እኛ ልጆቿ የለመድነው ይህን ቀስ የሚለውን ነው። ያን ሰሞን የሆነው ግን ሌላ ነበር። ማክሰኞ ቡና እየጠጣች ስትጫወት የዋለች ሴት ሐሙስ ጠዋት ብርድ ልብሷ ላይ የሌለ ክር ትለቅማለች። ግድግዳው ላይ ጉንዳን ታሳየናለች። ጡረታ ከወጣች ስንት ዘመኗ፣ የተማሪዎቿን ስም በተራ ትጠራለች፣ «አቤት» የሚል ስታጣ ታለቅሳለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ። ማታ እንደገና ትነሳለች፣ ልውጣ ትላለች።

የጠየቅነው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። «እድሜ ነው።» «በሽታው ገፍቶ ነው።» መጀመሪያ የወሰድናት ክሊኒክም ከዚህ የተለየ አላለንም። የሚያስተኛ መድኃኒት ታዞልን ወደ ቤት ተመለስን። ይህንን ያልተቀበለች እህታችን ብቻ ናት።

«አይ፣ ይሄ የመርሳቱ አይደለም» አለች። «እማማን አውቃቸዋለሁ። ይሄ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።» ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመች። ሌላ ሐኪም ሳያያቸው አላርፍም አለች።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛው ዶክተር ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት «ለውጡ መቼ ጀመረ?» ብለው ነው። እሷ ናት የመለሰችው። «እስከ ማክሰኞ ቡና ድረስ ደህና ነበሩ፣ በስሜ ይጠሩኝ ነበር። ረቡዕ ምሳ እምቢ አሉ። ሽንታቸው ቀነሰ፤ ሲሸኑም ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ እጃቸው ከእንብርታቸው በታች አይነሳም። ሌሊቱን አልተኙም። ሐሙስ ጠዋት እኔንም አላወቁኝም።» ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩዋት። «የምፈልገው ይህንኑ ነበር» አሏት።

ያ መልስ ነው መንገዱን የቀየረው። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚገፋው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሰውን ሌላ ሰው የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል፣ ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስ ማለት ነው። በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይብሳል። አንዳንዱን ያስነሳል፣ ያስጮኻል። አንዳንዱን ደግሞ ያፈዛል፣ ያስተኛል፤ ይኸኛው ዝምተኛው «ደክሟት ነው» እየተባለ ይታለፋል። እማዬ ሁለቱም ነበራት። የወንድሜ ልጅ የሕክምና ተማሪ ነው። ይህን መለያ አሜሪካዊቷ ሐኪም ሻረን ኢኑዬና ባልደረቦቿ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመርመሪያ እንደሚማሩት ነገረኝ። የመመርመሪያው የመጀመሪያ ጥያቄ ለውጡ ድንገት መጣ ወይ፣ ከፍ ዝቅ ይላል ወይ የሚል ነው። እህታችን መመርመሪያውን አታውቀው። እማዬን ግን ታውቃታለች።

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ እጄ ቆሞ ነበር። እናቴን እንደዚያ የሚያውቅላት ሰው በቤታችን ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

መንስኤው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር፣ ወደ ኩላሊቷም መውጣት ጀምሮ ነበር። ትኩሳት ይኖራታል ብለን ስንጠብቅ ሙቀቷ ደህና ነበር። ለካ በእድሜ በገፋ ሰው ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ይመጣል። «ያቃጥለኛል» ብሎ ለመናገርም ቃሉ ይጠፋል። ሕመሙ የሚናገረው በጠባይ ነው። ዶክተሩ ሲያስረዱን ሰውነት ኢንፌክሽን ሲዋጋ የሚለቃቸው ኬሚካሎች አእምሮንም ያውካሉ አሉን። ጤነኛ አእምሮ አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል። የመርሳት በሽታ ያለበት ግን እንደ ሳሳ ነጠላ ነው፣ ትንሽ ሲስቡት ይተረተራል።

እኚህን ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልን። ሽንቷ ላይ ባክቴሪያ ተገኘ ብለው እዚያ ላይ አላቆሙም። በእድሜ የገፉ ሴቶች ሽንት ላይ ያለ ምንም ሕመም ባክቴሪያ ሊገኝ ስለሚችል ያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም አሉ። የሳንባ ምች እንዳይሆን ራጅ አስነሱ። ስኳሯን፣ በደሟ ውስጥ ያለውን ጨው አዩ። ሆድ ድርቀት አለባት ወይ ብለው ጠየቁ፤ ለካ ድርቀትም፣ የውሃ እጥረትም፣ ሕመምም ሰውን እንደዚህ ያደርጋሉ። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አስዘረገፉን። ለጉንፋን ብለን ከፋርማሲ የገዛነውን እንቅልፍ የሚያመጣ ሽሮፕ አንስተው «ይህ ከእንግዲህ እሳቸው ጋ አይድረስ» አሉ። እንዲህ ያለው መድኃኒት የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው የባሰ ግራ ያጋባል። የሚያስተኛውም ሳይጀመር ቀረ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎችንም አልረሳኋችሁም። ካልቸሩ፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ፣ ቀናት ፈጅቶ ሲመጣ ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑ፣ የተጀመረላት አንቲባዮቲክም እንደማይበግረው ታወቀ። መድኃኒቱ በተቀየረ በሁለተኛው ቀን ዓይኗ ተከፈተ። ከቤታችሁ የተረፈ አሞክሳሲሊን ይዛችሁ የሮጣችሁልን ጎረቤቶቻችን፣ ፍቅራችሁ አንጀቴ ገብቷል። ከፍቅራችሁ ጋር ይህን አንድ ነገር ስሙኝ፤ እማዬን የያዛት ባክቴሪያ እሱን የለመደ ነበር።

ወደ እህታችን ልመለስ። አልጨረስኩም።

እማዬ በብርጭቆ ውሃ አትጠጣም። ስትሰጧት ትገፋዋለች። ሆስፒታል ስትገባ ደግሞ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ምላሷ ደርቆ ነበር። ጉሉኮስ ቢሰካላትም ትነቅለዋለች። እህታችን ታዲያ ከቤት የቡና ሲኒ አመጣች፣ ያንን ጫፉ ላይ የወርቅ ቀለም ያለውን። ውሃ ሞላችበት፣ ሁለት እጇን አስይዛ «እማማ፣ አቦል ነው» አለቻት። እማዬ ፉት አለች። ትንሽ ቆይታ «ቶና ነው» አለች። በረካም መጣ። ሦስት ሲኒ ሲያልቅ እንደገና ከአቦል ትጀምራለች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነበር። ነርሷ የጠጣችውን ስትመዘግብ በሲኒ ቁጥር ነበር የምትጠይቃት።

መነጽሯን ከቤት ያመጣችው እሷ ናት። «ካላዩ እንዴት ያውቁናል?» ብላ። ሌላ ቀን ሲነጋ መጋረጃውን የምትከፍተው፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ፣ የት እንዳለን ቀስ ብላ የምትነግራት እሷ ናት። እማዬ ተማሪዎቿን ስትጠራ እኛ «እማዬ፣ ማንም የለም እኮ» እንላለን፤ እሷ ግን አትከራከራትም። «ዛሬ እረፍት ነው፣ ደወል ተደውሏል» ትላታለች። እማዬም ትንፋሿ ይመለሳል።

የክፍሉ ነርሶች፣ እጃችሁ ይባረክ። እማዬ ስትታገላችሁ አላሰራችኋትም። የሽንት ቱቦም በማያስፈልግ ጊዜ አላስገባችሁም፣ ቱቦው ራሱ ኢንፌክሽን ያመጣል ብላችሁ። ሌሊት መብራቱን ቀንሳችሁ እንድትተኛ አደረጋችሁ። አስታማሚ አንድ ብቻ የሚለውን ደንብ ይዛችሁ ያንን አንድ ቦታ ለእህታችን የሰጣችሁት በደንብ አይታችሁ ነው።

የንስሐ አባታችን፣ ቡራኬዎ አይለየን። ከእንጦጦ ማርያም ጸበል አምጥተው «ይህንንም ትጠጣ፣ መድኃኒቱም ሰዓቱን አይለፍ» ያሉት ቃል የቤቱን ሁሉ ጭንቀት አበረደ። ጋኔን ነው የሚል ሹክሹክታ ተነስቶ ነበርና።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሽው እህቴ፣ ጅዳ ያለኸው ወንድሜ፣ በስልክ ያደራችሁት ሌሊት፣ የላካችሁት ሁሉ ቦታው ላይ ውሏል። የእድራችን አባላት፣ የማኅበር እህቶቿ፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቿ፣ ተማሪዎቿ፣ የሰፈራችን ልጆች፣ ምግብ ያመላለሳችሁ፣ መኪና የሰጣችሁን፣ የጸለያችሁ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

ስማችሁን ያልጠራሁት ብዙ ናችሁ። በዚያ ግርግር ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለውን መያዝ አልቻልንም። እማዬን ኮሪደር ላይ ተሸክመው አልጋ ላይ ያወጧት ሁለት ወጣቶች እነማን እንደሆኑ እስካሁን አላወቅንም። ቅር እንዳይላችሁ፣ አደራ።

«ሙሉ በሙሉ ተመለሰች ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። ጉንዳኑ ጠፍቷል፣ ሌሊት ትተኛለች። ድሮ ብቻዋን ትለብሰው የነበረውን ቀሚስ ግን አሁን እገዛ ትፈልጋለች። ዶክተሩም ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚወስድ፣ ሁሉም ላይመለስ እንደሚችል ቀድመው ነግረውናል። በተመለሰው ደስ ብሎን እንኖራለን። ትናንት እህታችንን በስሟ ጠርታ «ይሄ ቡና አርሯል» አለቻት። እህታችን ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ቤታችሁ የመርሳት በሽታ ያለበት እናት ወይም አባት ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን እየደወላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት። በአንድና በሁለት ቀን ድንገት ከተለወጡባችሁ «እድሜ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። አብሯቸው የሚውለውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ይናገር።

የፊታችን ሚካኤል ዝክሩ እንደወትሮው እኛ ቤት ነው። ሁላችሁም ኑልን። እማዬ ሰው ሲበዛባት ስለምትደክም ጠዋትና ከሰዓት ተከፋፍላችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል። ጉንፋን ወይም ሳል የያዛችሁ ደግሞ ሲሻላችሁ ብቅ በሉ፤ ጠላው ይቆያችኋል።