ለአባቴ፤ ስለ ጁን ኪትሊ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እህቴ እሙ ጋዜጠኝነት ልማር ብትልዎ «በመድረክ ስታለቅስ ያየናት ልጅ ዜና ብታነብ ማን ያምናታል?» እንዳሏት ነገረችኝ። ጥያቄዎ የሚናቅ ስላልሆነ፣ እዚህ ዱባይ አብራኝ የምትኖረው ፊሊፒናዊት ደጋግማ ያጫወተችኝን የአንዲት ተዋናይት ታሪክ ልጽፍልዎ ወደድሁ።

ሴትዮዋ ጁን ኪትሊ ትባላለች። በመድረክና በፊልም ተውና ስም ካገኘች በኋላ ወደ ስርጭት ጋዜጠኝነት የገባች ናት። አገሯ ፊሊፒንስ የምታስታውሳት ግን ይበልጡን በ1978 ዓ.ም. የካቲት በሠራችው ሥራ ነው። ፕሬዚዳንት ማርኮስ ሃያ ዓመት ከገዙ በኋላ በተጭበረበረ ምርጫ አሸነፍሁ ሲሉ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ኤንሪሌና ጄኔራል ራሞስ የካቲት 15 ቀን ከድተው በማኒላ ሁለት የጦር ሰፈሮች ውስጥ መሸጉ። የማኒላው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሲን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጣቢያ በራዲዮ ቬሪታስ ሕዝቡ ወጥቶ እንዲከላከልላቸው ተማጸኑ፤ ሕዝቡም ኤድሳ የሚባለውን ሰፊ ጎዳና ሞላው። በማግሥቱ ታጣቂዎች ማሎሎስ የነበረውን የጣቢያውን ማሰራጫ ሰባበሩት።

በራዲዮ ቬሪታስ ስታስተላልፍ የነበረችው ኪትሊ በዚህ ጊዜ ወደ ቤቷ አልገባችም። ማኒላ ውስጥ ሳንታ ሜሳ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ የሙዚቃ ጣቢያ በሌሊት ተዛውራ፣ ያለበትን ቦታ ሳትናገር፣ «ራዲዮ ባንዲዶ» ማለትም «የሽፍታ ራዲዮ» በሚል ስም ማስተላለፍ ጀመረች። ሁለት ወንድማማች ታዳጊዎች ይረዷት ነበር። ታንክ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ሰው የሳሳበት መንገድ የትኛው እንደሆነ የሚደርሳትን መልእክት እየተቀበለች ትናገራለች፤ በየመሐሉም «ማምቦ ማግሳይሳይ» የተባለውን የድሮ የምርጫ ዘፈን ታሰማለች፤ አድማጩም በዚያ ዜማ ጣቢያውን ይለየዋል። ጓደኛዬ ያኔ ሕፃን ነበረች። እናቷ ራዲዮኑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ስታዳምጥ እንዳደረች ትናገራለች።

እርስዎ የጠየቁት ስለ መታመን ነውና አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ሰኞ ጠዋት ኪትሊ ማርኮስ ከአገር ወጡ ብላ አወጀች፤ ሕዝቡም በእልልታ አደባባዩን አናወጠው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ሰውየው በቴሌቪዥን ብቅ አሉ። ወሬው ሐሰት ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ ከባድ ስሕተት ነው፤ ወታደር ፊት ለቆመ ሰው የተሳሳተ ዜና ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሆኖም አድማጩ አልሸሻትም፤ ሞት ባንዣበበበት ሌሊት ማይክሮፎኑን ሳትለቅ አብራው እንዳደረች ያውቃልና። ማርኮስ በእርግጥ የወጡት በማግሥቱ ማክሰኞ ማታ ሲሆን፣ በዚያው ዕለት በምርጫው የተፎካከሯቸው ኮራዞን አኪኖ በፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ፈጽመው ነበር። አዲሷ ፕሬዚዳንትም ኋላ ለኪትሊ የአገሪቱን የክብር ሌጌዎን ኒሻን ሸለሟት።

አባዬ፣ ተዋናይነት ሰውን ማታለል ያስተምራል የሚለው ሐሳብ አያሳምነኝም። መድረክ ላይ የኖረ ሰው ትንፋሹን መግዛት፣ ልቡ እየመታ ድምፁን ማርጋት፣ የማያየው ሰው እንደሚሰማው አስቦ መናገር ይማራል። ኪትሊ በዚያ ሌሊት ድምፅዋ ቢርበደበድ ኖሮ፣ ጎዳና ላይ ያለው ሕዝብ ይበተን እንደነበር ጓደኛዬ አጥብቃ ታምናለች፤ እኔም እስማማለሁ። ባለቤቷ አንጄሎ ካስትሮም ስመ ጥር የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ ነበሩ። እሳቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ፣ እሷም በቀጣዩ ዓመት በጡት ካንሰር ሞተች።

እሙ የመድረክ ልምዷን ይዛ ብትገባ የምትጎዳ አይመስለኝም፤ እውነትን ማጣራት ግን ከትምህርት ቤት ልትማረው ይገባል፤ ለዚህም ነው ትምህርቱን የምደግፈው። የመመዝገቢያውን ገንዘብ በእሷ ስም ልኬአለሁ፤ ፈቃድዎ ሳይሰጣት ግን እንዳታወጣው ነግሬአታለሁ። ምዝገባው ሳይዘጋ መልስዎን ይንገሯት። ለእማዬና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ ልጅዎ