ለካርድ ዕዳ ብላችሁ ቤታችሁን አታስይዙ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ስለ ሪፋይናንስ (የቤት ብድርን በአዲስ ብድር ስለ መተካት) ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ቤታችሁ ዋጋው ጨምሯል፤ ገንዘብ ተበደሩበትና የክሬዲት ካርድ ዕዳችሁን ዝጉ ይባላል። ዕዳ እንቅልፍ ለነሳው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ስሌቱን በአማርኛ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው።

በ2020 እና በ2021 ቤት የገዙ ብዙ ወገኖቻችን ወለዳቸው 3 በመቶ ገደማ ነው። አንዱ 300,000 ዶላር ይቀርበታል እንበል። 30,000 ዶላር የካርድ ዕዳ ለመዝጋት ብሎ ሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) በ7 በመቶ ቢያድሰው፣ አዲሱ ወለድ የሚያርፈው በ330,000ው ሁሉ ላይ ነው። ለ300,000ው ብቻ እንኳ በ30 ዓመት ሲሰላ፣ በወር 1,265 ዶላር የነበረው ወደ 1,996 ይወጣል። የካርዱ 30,000 ደግሞ በ30 ዓመት ተከፍሎ ሲያልቅ ከ71,000 ዶላር በላይ ይሆናል። የክሎዚንግ (አዲሱን ብድር የመፈራረሚያ) ወጪው ገና አልተነካም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የክሬዲት ካርድ ዕዳ መያዣ የለውም። ካልተከፈለ ክሬዲት ይበላሻል፣ ሰብሳቢዎች ይደውላሉ፣ ክስም ሊመጣ ይችላል። ከባድ ነው፤ ግን ለመደራደር ጊዜ አለ። ያው ዕዳ ሞርጌጅ ውስጥ ከገባ በኋላ ሥራ ቢጠፋ ለሐራጅ የሚቀርበው ልጆቻችንና ወላጆቻችን የሚኖሩበት ቤት ነው።

ሪፋይናንስ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። በ2023 መጨረሻ ወለዱ 8 በመቶ ሊደርስ ሲል ለገዛ ሰው ሊጠቅመው ይችላል። አነስተኛ ወለድ ያለው ሰውም ግድ ከሆነበት፣ የመጀመሪያውን ብድር ሳይነካ በቤቱ ኢኩዊቲ (ከቤቱ ዋጋ ላይ ዕዳው ተቀንሶ በሚቀረው ድርሻው) ሁለተኛ ብድር መጠየቅ ይችላል። ያም ቢሆን ቤቱን ያስይዛል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። የፌደራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት (ሀድ) ዕውቅና የሰጣቸው የቤት ጉዳይ አማካሪዎች እንዳሉ ለአንባቢ ንገሩልን። የሚኖርበትን ቤት ከአዲስ አበዳሪ ጋር ሪፋይናንስ ያደረገ ሰው ከፈረመ በኋላም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ውሉን መሰረዝ እንደሚችል ጻፉ። ይህን መብት የማያውቅ ብዙ ሰው አለ።

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ